የሽልማት ሰንጋ ታሪክ፦ የዳኛው ዓይን ከብቱን ምን አደረገው?

የታሪክ ተማሪ
ክቡራን የመድረኩ አባላት፣ ለሥጋ የሚረቡ ከብቶችን ለውድድር አቅርቦ የመሸለም ልማድ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ታሪኩን ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣብኝን ሐሳብ ላቅርብና እናንተ መርምሩት። የትርኢት ሜዳው የተዘጋጀውን ከብት በመሸለም ብቻ አልተወሰነም፤ ከብቱን ራሱን ቀርጾታል። ዳኛው የወደደው መልክ በሚቀጥሉት ትውልዶች ስለሚባዛ፣ የዳኛው ዓይን ከኮርማውና ከላሟ ጋር እንደ ሦስተኛ ወላጅ ሆኖ ሠርቷል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው እንግሊዝ ነው። ሮበርት ቤክዌል (1725–1795) በሌስተርሺር፣ ዲሽሊ በተባለው እርሻው፣ ወንዱን ከሴቱ ለይቶ በመያዝና የሚፈልገው ጠባይ ያላቸውን ከብቶች የቅርብ ዘመዳሞች ቢሆኑም እንኳ እርስ በርስ በማገናኘት የሎንግሆርን ከብቶቹንና የሌስተር በጎቹን ቅርጽ ለወጠ። ኮርማዎቹንና አውራ በጎቹን ከመሸጥ ይልቅ ለአንድ ወቅት ያከራይ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ልጆቻቸውን በሌሎች ሰዎች መንጋ ውስጥ እያየ የትኛው አባት መልካም እንደሚወልድ ያውቅ ነበር። የታረዱትን ከብቶች አጽምና በጨው ውሃ የተዘፈዘፈ ብልት እያስቀመጠም አንዱን ትውልድ ከሌላው ያነጻጽር ነበር። የቤክዌል ዓይን እንግዲህ ከቆዳው በታች ያለውንም ይመለከት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ትርኢት ግን በአብዛኛው ቆዳውን ነው ያየው።

ዘዴውን ሾርትሆርን ወደተባለው የከብት ዝርያ ያመጡት በዳርሊንግተን አቅራቢያ የነበሩት ወንድማማቾች ቻርልስና ሮበርት ኮሊንግ ናቸው። በ1796 በቻርልስ እርሻ በኬተን የተወለደው «የደርሃም ሰንጋ» በ1801 ሲሸጥ ከ1,300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ጆን ዴይ የተባለ ሰው በዚያው ዓመት በ250 ፓውንድ ገዝቶት፣ ልዩ ሠረገላ አሠርቶለት፣ በእንግሊዝና በስኮትላንድ እያዞረ በክፍያ አሳየው፤ ገና በተገዛበት ዓመት 2,000 ፓውንድ ቢቀርብለት እንኳ አልሸጠውም። ሰንጋው በ1807 ኦክስፎርድ ላይ ዳሌው ወልቆ እስከታረደ ድረስ ሕዝብ ተሰልፎ አየው፤ ሥዕሉ በሺዎች ታትሞ ተሸጠ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች በር ላይ ይነበባል። ሮበርት ኮሊንግም በበኩሉ «ተጓዧ ነጭ ጊደር» የተባለችውን እንዲሁ ለሕዝብ አስዞረ። እርሷ ከወንድ ጋር መንታ ሆና በመወለዷ መሲና ነበረች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ የሾርትሆርንን ዝና በአገሩ ሁሉ ያሰራጩት ሁለት ከብቶች አንዱ የተኮላሸ፣ አንዷ ደግሞ መውለድ የማትችል ነበሩ። ሕዝቡ ያየው መኖ ምን ያህል ሥጋና ጮማ ሊሠራ እንደሚችል ነው። የተሸጠው ግን የአባታቸው የፌቨሪት ዘር ነው።

አሮጌ አርቢ
ወንድሜ የታሪክ ተማሪ፣ ጽሑፍዎ አስደስቶኛል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለጮማ የተሰጠውን ዋጋ እንደ ከንቱ ውበት የሚቆጥር አንባቢ እንዳይኖር እሰጋለሁ። ሞራ በዚያን ጊዜ የሻማና የሳሙና ጥሬ ዕቃ ነበር። ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ የሚሠራ ሰው ጮማ ሥጋ ይፈልግ ነበር። ከዚህም ሌላ በሬው በአብዛኛው ለዓመታት አርሶ ከደከመ በኋላ ነበር ለድለባ የሚቀርበው፤ የደለበ ከብት በሦስት ዓመቱ ማግኘት ትልቅ ለውጥ ነበር። ሥር ተክሉ ተርኒፕ፣ ክሎቨር የተባለው የመኖ ሣርና ከተልባ ዘይት የሚተርፈው ፋጉሎ ተስፋፍተው ከብቱን ክረምቱን ሙሉ መቀለብ ባይቻል ኖሮ የኮሊንግ ወንድማማቾች ብልሃት ብቻውን ያን ሰንጋ አያወጣውም ነበር።

በ1798 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የስሚዝፊልድ ክለብ ይህን በሚገባ ተረድቶ ነበር። የመጀመሪያው ትርኢት በ1799 ሲደረግ ሣር የበሉትን ከብቶች እህልና ፋጉሎ ከበሉት ለይቶ ነው ያወዳደራቸው። የጠየቁት ጥያቄ «የትኛው ይገዝፋል?» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «በምን መኖ፣ በስንት ዕድሜ?» የሚልም ነበር። ይህ የመልካም አርቢ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የታሪክ ተማሪ
አመሰግናለሁ፤ የስሚዝፊልድ ጥያቄ መልካም እንደነበር እስማማለሁ። የሜዳው ግፊት ግን ከደንቡ ይበረታ ነበር። ታላቁ የእንጨት ቅርጽ ሠዓሊ ቶማስ ቢዊክ የሽልማት ከብቶችን እንዲሥል ተጠርቶ በሄደ ጊዜ፣ በዓይኑ ያላየውን የጮማ እብጠት እዚህም እዚያም እንዲጨምር ሲጠየቅ እንቢ ማለቱን ራሱ ጽፎታል። ሌሎች ሠዓሊዎች ግን ጨመሩ። በዚያ ዘመን ሥዕሎች ላይ የምናያቸው ሰውነታቸው አራት ማዕዘን፣ ራሳቸው ኢምንት፣ እግራቸው እንደ ዘንግ የቀጠነ ከብቶች ባለቤቱ የተመኛቸው እንጂ በበረቱ የቆሙት አይደሉም። ምኞቱ በሥዕል ሲሰቀል ደግሞ የሚቀጥለው አርቢ ግብ ይሆናል።

የመዝገብ ሰው
ስለ ፌቨሪት ስለተነሣ ልቀጥል፤ የዳኛው ዓይን ብቻ ሳይሆን ወረቀትም ከብት ቀርጿልና።

ኮሜት የተባለው ኮርማ በ1804 ተወለደ። አባቱ ፌቨሪት ነው። እናቱ ወጣቷ ፊኒክስም የፌቨሪት ልጅ ናት፤ የእርሷ እናት ፊኒክስ ደግሞ ፌቨሪትን የወለደች ላም ነበረች። የዘር ውርስ ሊቁ ሲዎል ራይት በ1920ዎቹ የዘመዳም እርባታን መጠን የሚለካ ስሌት አውጥቶ ኮሜትን ሲያሰላው 47 በመቶ ያህል አገኘ፤ የአባትና የልጅ አንድ ጊዜ መገናኘት የሚሰጠው 25 በመቶ ነው። ይህ ኮርማ በ1810 በኬተን ጨረታ በ1,000 ጊኒ (ከፓውንድ ጥቂት በሚበልጥ የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ተሸጠ፤ ይህን ያህል ያወጣ የመጀመሪያው ኮርማ ነው።

በ1822 ጆርጅ ኮትስ የሾርትሆርንን የዘር መዝገብ አሳተመ። ለከብት ዝርያ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መዝገብ ነበር። መዝገቡን እንደ ትልቅ በረከት እቆጥረዋለሁ፤ ያለ እርሱ ራይት የሚያሰላው ነገር አይኖርም ነበር። ነገር ግን መዝገቡ ራሱ ጣዖት ሆነ። ቶማስ ቤትስ ከቻርልስ ኮሊንግ ከገዛት ዳችስ ከተባለች ላም የተነሣውን የዘር ሐረግ በጥብቅ ጠበቀው፤ እርሱ በ1849 ከሞተ በኋላ ገዢዎች ከከብቱ ጀርባና ሽንጥ ይልቅ ስሙን መግዛት ጀመሩ። መስከረም 1873 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ዩቲካ ከተማ አጠገብ በተደረገ ጨረታ 109 ከብቶች ከ380,000 ዶላር በላይ አወጡ፤ «ስምንተኛዋ የጄኔቫ ዳችስ» የተባለችው አንዲት ላም ብቻዋን 40,600 ዶላር ተሸጠች። የሚያሳዝነው፣ የዳችስ ቤተሰብ በደካማ የመውለድ አቅሙ የታወቀ ነበር። የከብቶቹ ማነስም ዋጋቸውን የበለጠ አናረው፤ መውለድ አለመቻል እንደ ብርቅነት ተቆጠረ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ገበያው ወደቀ።

ጥቁር ኮርማ
በዚህ ታሪክ ውስጥ ስኮትላንዶች ያላቸው ቦታ እንዳይረሳ። እንግሊዝ ስለ ዳችስ ስትጫረት፣ በአበርዲንሺር ሲቲተን በተባለው እርሻ አሞስ ክሩክሻንክ የሚባል ዝምተኛ አርቢ ለስም ደንታ ሳይኖረው ወፍራምና ቶሎ የሚደርስ፣ በቀዝቃዛ አገር የሚበረታ ሾርትሆርን ይፈልግ ነበር። በ1859 የተወለደለት «ቻምፒየን ኦቭ ኢንግላንድ» የተባለ ኮርማ በወጣትነቱ ለትርኢት ቀርቦ ከፍተኛ ሽልማት አላገኘም። ክሩክሻንክ ግን በመንጋው አቆየው፤ ልጆቹ ከሌሎቹ ኮርማዎች ልጆች በልጠው ሲገኙ መንጋውን በእርሱ ዘር ላይ መሠረተ። በአሜሪካና በአርጀንቲና የሥጋ ሾርትሆርንን የለወጠው ይህ ዘር ነው። ዳኛው ያላየውን አርቢው አየ።

አንገስ የተባሉትን ቀንድ የለሽ ጥቁር ከብቶች በሚመለከት፣ የኪለሩ ሂው ዋትሰን «ኦልድ ግራኒ» የተባለች ላም ነበረችው፤ በ1824 ተወልዳ፣ 29 ጥጆች ወልዳ፣ በ1859 መብረቅ መትቶ ገደላት። የዘመኑን የሜዳ ሽልማቶች ሁሉ ደምረን ከዚህች ላም ዕድሜና ማሕፀን ጋር ብናነጻጽር እኔ እርሷን እመርጣለሁ። የቲሊፎሩ ዊልያም ማኮምቢ በበኩሉ በሜዳው ውስጥ የተዋጣለት ሰው ነበር። በ1867 ስሚዝፊልድ ላይ ያሸነፈው «ብላክ ፕሪንስ» ንግሥት ቪክቶሪያ እንድታየው ወደ ዊንዘር ተወስዷል፤ በ1878ቱ የፓሪስ ዐውደ ርእይም የማኮምቢ ከብቶች ሁለቱን ታላላቅ የቡድን ሽልማቶች ወስደዋል። ስለዚህ ሜዳው ሁልጊዜ ያጠፋል ማለት አይቻልም፤ ማኮምቢን የሚያህል አርቢ ሲገባበት አንድን ዝርያ ለዓለም ያስተዋውቃል።

ነጭ ጊደር
ክቡራን፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልማዱ ወደ አሜሪካ እንዴት ተሻገረ? ቺካጎ ለምን የዚህ ሁሉ ማዕከል ሆነች?

የታሪክ ተማሪ
እህቴ ነጭ ጊደር፣ አሜሪካ ውስጥ ኤልካና ዋትሰን በ1810 በማሳቹሴትስ፣ በርክሺር ውስጥ የከብት ትርኢት አዘጋጀ፤ የአገሪቱ የገበሬዎች ትርኢት ከዚያ አድጓል። በ1834 ደግሞ የኦሃዮ አርቢዎች ገንዘብ አዋጥተው ማኅበር አቋቁመው ሾርትሆርን በቀጥታ ከእንግሊዝ አስመጡ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የባቡር ሐዲዱ የምዕራቡን ከብት ሁሉ ወደ ቺካጎ ቄራዎች ስላመጣ ገዢው፣ አራጁና አርቢው አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። በ1873 ጆርጅ ግራንት የተባለ ሰው አራት የአንገስ ኮርማዎች ወደ ካንሳስ አስገብቶ ሁለቱን በካንሳስ ሲቲ ትርኢት ሲያቀርባቸው ቀንድ የለሽና ጥቁር በመሆናቸው ሰው እንደ ጉድ አያቸው። በ1878 በቺካጎ የደለቡ ከብቶች ትርኢት ተጀመረ፤ በ1900 ደግሞ እስከ 1975 የቆየው ዓለም አቀፉ የቁም ከብት ዐውደ ርእይ ስቶክ ያርድ በተባለው የከተማዋ የቁም ከብት ገበያ ተከፈተ። የመጀመሪያው ታላቅ አሸናፊ ሰንጋ «አድቫንስ» የተባለ አንገስ ነበር፤ በቁም ክብደቱ ለአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ለማይሞላው፣ 1.50 ዶላር ወጣለት። እንደ ጉድ የታየው ከብት በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ የሜዳው ንጉሥ ሆነ።

ሐኪመ እንስሳት
እስካሁን የተጻፈውን በአክብሮት ተከታትያለሁ። የታሪክ ተማሪ ላነሡት ሐሳብ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ገና አልተነሣም፤ እርሱም የድንክ ጥጆች ጉዳይ ነው።

ከ1930ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ዳኞች የሚመርጡት ከብት እግሩ አጭር፣ ገላው ድፍን፣ ፍሪምባው ወደ መሬት የቀረበ ሆነ። ሐሳቡ ከምክንያት አልተነሣም ማለት አይቻልም፤ ገበያው አነስተኛ ብልት ይፈልግ ነበር፣ አጭሩ ከብትም ቶሎ ይደልባል። በሜዳው ግን ትናንት ያሸነፈውን ለማሸነፍ ከእርሱ የባሰ አጭር ማቅረብ ያስፈልጋል፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ቁመታቸው ከአዋቂ ሰው ወገብ ብዙም የማይበልጥ ኮርማዎች የሽልማት ሪባን አስረው ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር።

በእነዚሁ ዓመታት በሄርፎርድና በአንገስ ዝርያ መንጋዎች ውስጥ ግንባራቸው ያበጠ፣ የታችኛው መንጋጋቸው የወጣ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ሲተነፍሱ የሚያንኮራፉ ድንክ ጥጆች በብዛት መወለድ ጀመሩ። አብዛኞቹ ለገበያ ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር። ችግሩ የሚገለጠው ጥጃው ጉድለት ያለበትን ዘረ መል ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ብቻ ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ተሸካሚ ከብት ጤነኛ ነው። ይሁንና በጊዜው የተደረጉ ምርመራዎች እንዳመለከቱት፣ ተሸካሚዎቹ በመጠኑ ጭንቅላታቸው አጠር፣ ገላቸው ደንደን ይል ነበር፤ ይህም ዳኛው የሚፈልገው መልክ ነው። ዳኛው ሳያውቀው፣ በቅን ልቡ፣ የበሽታውን ዘረ መል እየሸለመ ያባዛው ነበር። አንዳንድ አርቢዎች ድንክ ጥጃ ሲወለድ ለመዝገቡም ለጎረቤትም ሳይናገሩ ስለሚቀብሩት ችግሩ ለዓመታት ተደብቆ ቆየ።

መፍትሔው ከሜዳው አልመጣም። የጨቅላ ጥጆችን አከርካሪ በራጅ ማንሣት፣ የኮርማን ግንባር ቅርጽ በመሣሪያ መለካት ተሞክሯል። የበለጠ ያስተማመነው ግን ኮርማውን በልጆቹ መፈተን ነው። ኮርማውን ተሸካሚነታቸው በታወቀ ላሞች ላይ ያደርጉታል፤ እርሱም ተሸካሚ ከሆነ እያንዳንዱ ጥጃ ድንክ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አሥራ ስድስት ጥጆች በተከታታይ ጤነኛ ሆነው ከተወለዱ፣ ተሸካሚ ኮርማ በአጋጣሚ እንዲህ ያለ ውጤት የሚያገኝበት ዕድል ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው። የታወቁ የዘር ሐረጎች በዚህ መንገድ እየተለዩ ተወገዱ፤ በስማቸው ሀብት ያፈሩ ቤተሰቦች መንጋቸውን ለቄራ ሸጡ። የእነዚያን አርቢዎች ሐዘን ቀላል አድርጌ አላየውም። ሕይወታቸውን የሰጡለት ሥራ ነበር።

አሮጌ አርቢ
ሐኪመ እንስሳት፣ ይህን በዝርዝር ስላስቀመጡልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እኔ ደግሞ ሜዳው የማያየውን ሌላ ነገር ልጨምር፤ እርሱም የእናት ወተት ነው። ለትርኢት የሚዘጋጅ ጥጃ ብዙ ጊዜ ከገዛ እናቱ በተጨማሪ ሌላ የወተት ላም፣ አንዳንዴም ሁለት፣ እንዲጠባ ይደረግ ነበር። ጥጃው ወፍሮ፣ ጠጉሩ አብረቅርቆ ሲቀርብ እናቱ ጡቷ የደረቀ መሆኑን ማን ያውቃል? ልጇ ይሸለማል፤ የተሸለመው ኮርማም ወተት አልባነቷን ለሴት ልጆቹ ያወርሳል። በሥጋ ሾርትሆርን ላይ የደረሰው የወተት መቀነስ አንድ ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል፤ አስቀድሞ ያ ዝርያ በሥጋውም በወተቱም የተመሰገነ ነበርና።

ጥቁር ኮርማ
ከድንኮቹ በኋላ የመጣውም ከዚያ አያንስም። በ1969 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርኢት የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዶን ጉድ «ኮኖኮ» የተባለውን፣ ሻሮሌ ከተባለው የፈረንሳይ ዝርያና ከአንገስ የተዳቀለ ሰንጋ ታላቅ አሸናፊ አደረገው። ውሳኔው ትክክለኛ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ረጅም፣ ቀይ ሥጋው የበዛ፣ ትርፍ ጮማ የሌለበት ከብት ነበርና ቄራው የሚፈልገውም ያንኑ ነበር። ነገር ግን ሜዳው መልእክቱን «ረጅም ይሻላል» ብሎ ተረጎመው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የዳሌ ቁመት ከዕድሜ ጋር እየተሰላ ለከብቱ የቁመት ነጥብ ይሰጥ ጀመር፤ አርቢውም ነጥቡን ያሳድድ ጀመር። ጥጃው ሲወለድ ገዝፎ ምጥ አስቸገረ፤ ጊደሯ ዘግይታ ደረሰች፤ ትልቋ ላም ደግሞ ደረቅ ግጦሽ ላይ ሰውነቷን መጠበቅ ስለማትችል በወቅቱ ሳታረግዝ ቀረች። ከወገብ የማይበልጥ ኮርማ ሲሸለምበት የነበረው ሜዳ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ትከሻው ከሰው ራስ የሚደርሰውን ኮርማ ሸለመ። ሁለቱም ጊዜ ሪባኑ ያው ነው።

የመዝገብ ሰው
ከዚህ ሁሉ ጋር የሚሄድ አንድ ጨረታ ልጥቀስ። በየካቲት 1963 በስኮትላንድ፣ ፐርዝ ላይ ሊንደርቲስ ኢቨልስ የተባለ የአበርዲን አንገስ ኮርማ 60,000 ጊኒ ተሸጠ፤ ገዢው አሜሪካዊ ነበር። ኮርማው መካን ሆኖ ተገኘ። ሊቃውንት ዳኞች መርምረውት፣ ታላላቅ ገዢዎች ተጫርተውበት፣ አባት መሆን አለመቻሉን ያሳየ አንድም ምልክት በሜዳው አልታየም። ዛሬ የዘር ፍሬውን መጠን መለካትና የዘር ፈሳሹን በማይክሮስኮፕ መመርመር በብዙ ጨረታዎች ከሽያጭ በፊት የሚደረገው እንዲህ ካለው ጉዳት የተነሣ ነው።

ነጭ ጊደር
እንዲህ ከሆነ ሜዳውን ለምን አንዘጋውም? ሁሉም በሚዛንና በላቦራቶሪ ይሁን።

ሐኪመ እንስሳት
ውድ እህቴ፣ ሚዛኑ የማያሳየው ነገርም አለ። የእግር አጣጣል፣ የሰኮና ጤንነት፣ የመንጋጋ ግጥሚያ፣ የጡት አቀማመጥ፣ የከብቱ ገርነት፤ እነዚህን የሠለጠነ ዓይን በደቂቃዎች ውስጥ ይለያቸዋል፤ እግሩ የተበላሸ ኮርማ ደግሞ የዕድገት ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር በሰፊ ግጦሽ ላይ ላሞቹን ተከትሎ መሄድ አይችልም። በዚያ ላይ ለቁጥር መገዛትም የራሱ ብልሽት አለው። ዕድገትን ብቻ የመረጠ ሰው ሳያስበው የልደት ክብደትን አብሮ ያሳድጋል፤ ሁለቱ በዘር የተሳሰሩ ናቸውና።

የታሪክ ተማሪ
እኔም ሜዳው ይዘጋ አልልም። አሜሪካ ውስጥ የሥጋ ከብት ማሻሻያ ፌዴሬሽን በ1968 ከተቋቋመ ወዲህ የመመዘኛ ደንቡ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ኮርማው ለልጆቹ የሚያስተላልፈውን የልደት ክብደት፣ ዕድገትና የእናት ወተት የሚገምቱ ቁጥሮችም ይታተማሉ። በአንዳንድ ትርኢቶች ዳኛው ይህን ወረቀት በእጁ ይዞ ነው ከብቱን የሚያየው። የሚቀረው ክርክር ወረቀቱ መቼ ይሰጠው የሚለው ነው። አስቀድሞ ቢያየው ዓይኑ ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል የሚሉ አሉ፤ ከዳኘ በኋላ ቢሰጠው ደግሞ ውሳኔውን ለመለወጥ ያፍራል የሚሉ አሉ።

አሮጌ አርቢ
ለመራቢያ ኮርማና ጊደር ወረቀቱ አስቀድሞ ይሰጠው ባይ ነኝ፤ ዳኛው ምክንያቱን በሕዝብ ፊት እንዲናገር ስለሚገደድ ቁጥሩንና ዓይኑን እንዴት እንዳመዛዘነ ሰሚው ይፈርደዋል። ለሰንጋው ግን አካሄዱ ሌላ መሆን አለበት። ስሚዝፊልድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታረደ ሥጋ ውድድር ጨምሯል፤ ቺካጎም ይህንኑ አድርጋለች፤ በቁም አንደኛ የወጣው ሰንጋ ተገፍፎ ሲሰቀል ወደ ኋላ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ በሜዳው የሚሰጠው ደረጃ ጊዜያዊ ሆኖ ቢቆይ፣ ዋናው ሽልማትም ሥጋው ተሰቅሎ የሽንጡ ስፋት፣ የላይኛው ጮማ ውፍረትና በጡንቻው ውስጥ የተበተነው ጮማ ከታየ በኋላ ቢሰጥ እመርጣለሁ። ዳኛውም በቁም የፈረደውን ከተሰቀለው ሥጋ ጋር ጎን ለጎን አይቶ ለሚቀጥለው ዓመት ዓይኑን ያርም ነበር።